ከነጭ ዝንቧ ቀድመው የሚገቡ ጠባቂዎች

የግሪንሃውስ ቲማቲም በእጅ ነካ ሲደረግ እንደ ዱቄት ቡን ብሎ ተነሥቶ፣ ትንሽ ተንሳፍፎ፣ መልሶ ቅጠሉ ሥር የሚሸሸግ ብናኝ ከታየ ነጭ ዝንብ ገብታለች ማለት ነው። ስሟ ዝንብ ይባል እንጂ ከዝንብ ወገን አይደለችም፤ የክሽክሽ ዘመድ ናት። ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እንደ ክሽክሽ ሁሉ መርፌ መሰል አፏን ቅጠሉ ውስጥ ሰክታ ጭማቂውን ትመጥጣለች። ቅጠሉን ገልብጦ ለሚያይ ሰው ግን ዋናዋ ባለጉዳይ የምትበረዋ አይደለችም። ከሥር፣ ከቅጠሉ ጅማቶች መካከል፣ ዓይን በጭንቅ የሚለያቸው እንቁላሎች ተተክለዋል፤ አጠገባቸው ደግሞ የዓሣ ቅርፊት የመሰሉ፣ ጠፍጣፋና ፈዘዝ ያለ ቢጫ እጮች ተለጥፈዋል። እጩ ከእንቁላል እንደወጣ ለጥቂት ሰዓታት ተራምዶ ቦታ ይመርጣል፤ ከዚያ አፉን ተክሎ እስኪያድግ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ከሚመጥጠው ስኳር የተረፈውን ያንጠባጥበዋል፤ ታች ያለው ቅጠልና ፍሬ ይጣበቅና ጥቁር ሻጋታ ይወርሰዋል። ሙቀት ባለበት ግሪንሃውስ አንዲት ነጭ ዝንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃታል፤ በዕድሜዋም ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ይህ ሳያንስ ቤሚሲያ ታባሲ የሚባለው ዝርያ ከመቶ በላይ የተክል ቫይረሶችን ያዛምታል። የቲማቲምን ቅጠል አጨማዶ ቢጫ የሚያደርገውና አበባውን የሚያረግፈው በሽታ አንዱ ነው፤ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም።

ለዚህች ነፍሳት ለብዙ ዓመታት የተሰጠው መልስ መርጨት ነበር፤ ረጭቶ ካልሞተች ደግሞ ሌላ መርጨት። ሌላው መልስ፣ ማለትም እሷን በሚበሉ ነፍሳት መቆጣጠር፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው “ከኬሚካል የጸዳ አማራጭ” ተብሎ ነው። እንዲህ ሲባል አዳኞቹ በኬሚካሉ ጠርሙስ ፋንታ የሚገዙ ሌላ ጠርሙስ ይመስላሉ። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ሕመም ሲመጣ የሚወሰድ ነገር ነው፤ አዳኝ ነፍሳት ግን ጠባቂ ነው። ጠባቂ የሚቀጠረው ሌባው ገብቶ ከወጣ በኋላ አይደለም፤ ማደሪያና ቀለብ ተሰጥቶት ቀድሞ መግባት አለበት። በዚህ ዘዴ የከሰሩትንና የተሳካላቸውን አምራቾች የለያቸው፣ ከአዳኙ ዓይነት ይልቅ ይህን ቅደም ተከተል ማክበራቸው ወይም አለማክበራቸው ነው።

መርጨት ለምን እንደሚሸነፍ መጀመሪያ እንይ። ኬሚካሉ ከላይ ይወርዳል፣ ነጭ ዝንቧ ከቅጠሉ ሥር ናት። በራሪዋን የገደለው መድኃኒት እንቁላሉንና የተለጠፈውን እጭ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ያልፋል፤ በሳምንቱ አዲስ ትውልድ ይነሣል። ትውልዷ አጭር በመሆኑ ደግሞ ከሞት የተረፉት ጥቂቶች በአንድ የሰብል ወቅት ውስጥ ደጋግመው ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውም መድኃኒቱን የተላመዱ ይሆናሉ። ቤሚሲያ እስካሁን ከ60 በላይ ፀረ-ተባይ ንጥረ ነገሮችን መቋቋሟ በዓለም ዙሪያ ተመዝግቧል። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ሲገባ የነጭ ዝንብ ነገር ያበቃለት መስሎ ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን በደቡብ ስፔን ግሪንሃውሶች መድኃኒቱን የተላመዱ ነጭ ዝንቦች ተገኙ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን አራተኛው ምክንያት ነው፤ ርጭቱ ነጭ ዝንቧን የሚበሉትን ይፈጃል። እሷ በሳምንታት ታገግማለች፣ እነሱ ግን ምግባቸው እስኪበዛ መጠበቅ ስላለባቸው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። የዓባይ ውኃ በሰናር ግድብ ተይዞ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የሚያጠጣው የሱዳኑ የገዚራ የጥጥ እርሻ ነጭ ዝንብን ድሮም ያውቃት ነበር፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ተባዮች ጋር ስትነጻጸር ስሟ ብዙም የሚነሣ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሌሎች የጥጥ ተባዮች ተብሎ ዲዲቲና ሌሎች ኬሚካሎች ገቡ። መጀመሪያ በአንድ ወቅት አንድ ጊዜ ገደማ የነበረው ርጭት እያደር ጨምሮ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ። በእነዚያው ዓመታት ነጭ ዝንብ የገዚራ ቀንደኛ ተባይ ሆነች። ከእጮቿ የሚንጠባጠበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን አጣበቀው፤ የሱዳን ጥጥ በፈታይ ፋብሪካዎች ማሽን ላይ የሚለጠፍ ተብሎ ስሙ ጠፋ። ተመራማሪዎች ነገሩን ሲመረምሩ ያገኙት ምክንያት ድርቅ ወይም አዲስ ዝርያ ብቻ አልነበረም፤ ርጭቱ ራሱ ጠላቶቿን አጥፍቶ ሜዳውን ለእሷ ለቆላት ነበር። ገዚራ ሜዳ እንጂ ግሪንሃውስ አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ግሪንሃውስ ግን ነገሩን ያብሰዋል። ፕላስቲኩና መረቡ ከውጭ የሚመጡትን ተፈጥሯዊ ጠላቶች ያግዳል፤ ነጭ ዝንቧ ግን ከችግኙ ጋር ተለጥፋ በዋናው በር ትገባለች። ውስጥ ክረምት የለ፣ ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ። እንዲህ ባለ ቤት ጠባቂውን አምራቹ ራሱ ካላስገባ ማንም አያስገባለትም።

ይህን የተረዱ ሰዎች ዛሬ አልተነሡም። እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር አንድ የቲማቲም አምራች ከነጭ ዝንብ እጮች መካከል አንዳንዶቹ ጠቁረው አየ። ቼስሃንት በተባለው የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ስፓየር የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ የጠቆሩትን መርምሮ ኤንካርሲያ ፎርሞሳ የተባለች ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ተርብ አገኘ። ይህች ተርብ እንቁላሏን እጩ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ እጩን ከውስጥ በልቶ ሲያድግ የእጩ ቆዳ ይጠቁራል፣ ከውስጡም ነጭ ዝንብ ሳይሆን ተርብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ጣቢያው ተርቧን እያራባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን ቁጥር ለመቶዎች አምራቾች ያከፋፍል ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ ዲዲቲ መጣ፤ ርካሽ ነበር፣ ወዲያው ይገድል ነበር። የተርቧ እርባታ በ1949 ተዘጋ። ከዚያም ነጭ ዝንቧ መድኃኒቶቹን እየተላመደች ስትመጣ፣ በ1970ዎቹ ተርቧ ከማኅደር ወጥታ ወደ ግሪንሃውስ ተመለሰች። በመካከል የባከነው ሃያ ዓመት የሚያሳዝነኝ፣ መፍትሔው ጠፍቶ ሳይሆን ተገኝቶ የተጣለ በመሆኑ ነው።

ተርቧ ጥሩ ሠራተኛ ብትሆንም ጎዶሎ አላት። በቅዝቃዜ ትዳከማለች፤ ደግሞም ሕይወቷ በነጭ ዝንብ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነጭ ዝንብ በሌለበት ቤት ውስጥ ጠብቂ ሊሏት አይቻልም። ይህ ጎዶሎ በአንዳንድ አዳኞችም ላይ ይታያል። ዴልፋስተስ የምትባል የአሜሪካ ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ሆና በቀን ከመቶ በላይ የነጭ ዝንብ እንቁላል ትበላለች። ተአምር ይመስላል። ዳሩ ግን ያን ያህል ካላገኘች አትራባም፤ ስለዚህ ጠቃሚነቷ ወረርሽኙ ከከበደ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ፍሬው ተጣብቋል፣ ቫይረሱም ተሰራጭቷል። አዳኝ ሲመረጥ ብዙ ሰው “በቀን ስንት ትበላለች?” ብሎ ይጠይቃል። የሚሻለው ጥያቄ “የምትበላው ሲያልቅ ምን ትሆናለች?” የሚለው ነው።

የዚህ ጥያቄ መልስ በደንብ የታየው በስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ በአልሜሪያ ነው። ከ30,000 ሄክታር በላይ መሬት በነጭ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ከጠፈር የሚታይበት፣ አውሮፓን የክረምት ቲማቲም፣ ዱባ መሰል ዙኪኒ፣ ኪያርና የፈረንጅ ቃሪያ የሚመግብ አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ እዚያ በአዳኝ ነፍሳት የሚሠራው አምራች እፍኝ የማይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ግን የጀርመን ላቦራቶሪዎች ከስፔን በመጣ ቃሪያ ላይ አይሶፌንፎስ-ሜታይል የተባለ፣ በስፔን ያልተፈቀደ ፀረ-ተባይ አገኙ። የሰሜን አውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ፊታቸውን አዞሩ፤ ለአምራቹም ኬሚካል መቀነስ የህልውና ጉዳይ ሆነበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወቅቶች የአልሜሪያ የቃሪያ ግሪንሃውስ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ አዳኞች ዞረ። ድንጋጤ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ድንጋጤው የመጣው መሣሪያው በተዘጋጀ ሰዓት በመሆኑ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አምብሊሴየስ ስዊርስኪ ገበያ ገብታ ነበር። በትክክል ለመናገር ስዊርስኪ ነፍሳት አይደለችም፤ ስምንት እግር ያላት፣ የመዥገርና የሸረሪት ወገን የሆነች ማይት ናት። ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣች ስለሆነች ሙቀት አያስፈራትም፤ የነጭ ዝንብ እንቁላልና ገና የወጣ እጭ ትበላለች፣ ትሪፕስ የሚባለውንም ተባይ ትበላለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለቱም ሲጠፉ የአበባ ዱቄት በልታ መኖርና መራባት መቻሏ ነው። ቃሪያ ደግሞ አበባ የማያጣ ተክል ነው። ስለዚህ ቃሪያው ማበብ ሲጀምር ይለቋታል፤ ነጭ ዝንቧ ስትመጣ ቤቱ ሰው አለው።

አዳኟ ወደ ማሳ የምትሄድበትን መንገድ ማየት ነገሩን ያብራራዋል። ከሻይ ከረጢት የማትበልጥ የወረቀት ከረጢት ናት፤ ውስጧ ፉርሽካ፣ ፉርሽካው ላይ ተክል የማይነኩ ሌሎች ጥቃቅን ማይቶች፣ እነሱን እየበሉ የሚራቡ ስዊርስኪዎች አሉ። ሠራተኛዋ ከረጢቷን ከቅርንጫፍ ላይ ታንጠለጥላለች፤ በከረጢቷ ላይ ካለችው መርፌ ቀዳዳ አዳኞቹ ለሳምንታት ጥቂት ጥቂት እያሉ ይወጣሉ። ማለትም ጠባቂውን ከነስንቁ ነው የሚልኩት። በቲማቲም ላይ ግን ስዊርስኪ አትሆንም፤ የቲማቲም ግንድና ቅጠል በሚያጣብቁ ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ስለሆነ ተይዛ ትቀራለች። እዚያ ኔሲዲኮሪስ ቴኑይስ የተባለች፣ ከትኋን ወገን የሆነች ቀጭን አረንጓዴ አዳኝ ትሠራለች። በረጃጅም እግሮቿ ፀጉሩን ከፍ ብላ ትራመዳለች፤ እጩ ላይ አፏን ሰክታ ትመጥጠውና ባዶ ቆዳውን ትታው ትሄዳለች። እሷም በመጀመሪያ ችግር ነበራት፤ ማሳ ውስጥ ከተለቀቀች በኋላ ቁጥሯ እስኪበዛ ሳምንታት ይፈጃል፣ ነጭ ዝንቧ አትጠብቅም። የስፔን ተመራማሪዎች ያገኙት መላ ቀላልና ብልህ ነው፤ አዳኟን ችግኙ ከመተከሉ ከጥቂት ቀናት በፊት በችግኝ ጣቢያ ይለቋታል፣ የዱቄት እሳት እራት እንቁላል ይቀልቧታል፣ እሷም እንቁላሏን በችግኙ ግንድ ውስጥ ትጥላለች። ችግኙ ማሳ ሲገባ ጠባቂው በሆዱ አለ። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው አባባል በዚህ ሥራ ውስጥ ቃል በቃል ይሠራል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከቫይረሱ ወገን ነው። ጭማቂ በመምጠጥ ለምታደርሰው ጉዳት ጥቂት ነጭ ዝንብ ቢታገሡ ግድ የለም፤ ቫይረስ የያዘች አንዲት ብቻ ግን አንድን ተክል ለማጥፋት ትበቃለች፤ ታዲያ በጥቂቱም ቢሆን ነጭ ዝንብ እንዲኖር የሚፈቅድ ዘዴ እንዴት ይታመናል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ አዳኝ ብቻውን ቫይረስን ይከላከላል የሚል ሰው አምራቹን ያታልላል። ቫይረሱ ባለበት አካባቢ ወንፊቱ የጠበቀ መረብ፣ ድርብ በር፣ ንጹሕ ችግኝ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ፣ በግሪንሃውሱ ዙሪያ ያለውን አረም ማጽዳት የግድ ነው። ነገር ግን ያው ሚዛን ለርጭትም ይዋል። ከውጭ የገባችው ነጭ ዝንብ የተረጨ ቅጠል ላይ አርፋ ከመሞቷ በፊት ልትመጥጥና ቫይረሱን ልታስተላልፍ ትችላለች። ሁለቱም ዘዴዎች የመጀመሪያዋን እንግዳ አያቆሙም። ልዩነቱ የሚመጣው በሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በሽታውን ከታመመው ተክል ወስዶ በመላው ቤት የሚያዳርሰው እዚያው የተፈለፈለው ትውልድ ነው፣ እንቁላሉን የሚበላ አዳኝ ደግሞ የሚያቋርጠው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዳኟ ራሷ ሰብል ትጎዳለች የሚል ነው፤ በኔሲዲኮሪስ ላይ ክሱ እውነት ነው። ነጭ ዝንብ ሲያልቅባት ወደ ተክሉ ትዞራለች፤ ለጋ ግንድና የቅጠል እጀታ ላይ ቡናማ ቀለበት ትተዋለች፣ አበባም ታረግፋለች። ተክል ልትበላ መቻሏ ነው ነጭ ዝንብ ሳይመጣ እንድትቆይ የሚያደርጋት፤ ያው ችሎታ ሲበዛ ጥፋት ይሆናል። የአልሜሪያ አምራቾች ይህን የሚይዙት ቁጥሯን በየሳምንቱ እየተከታተሉ፣ ከልክ ስታልፍ በመቀነስ ነው። በሰሜን አውሮፓ ደግሞ ማክሮሎፈስ የምትባለውን ዘመዷን ይመርጣሉ፤ ጉዳቷ ይቀላል፣ ቅዝቃዜውንም ትችላለች። እንግዲህ ይህ ዘዴ ለቅቆ መርሳትን የሚፈቅድ አይደለም፤ ዓይን ይፈልጋል። ዓይን ያለው ሠራተኛ ለሌለው እርሻ አልመክረውም።

ሦስተኛው ስጋት ከግሪንሃውሱ ውጭ ነው፤ የባዕድ አገር አዳኝ አምልጦ አገር በቀሉን ቢያጠፋስ? ይህም ምናባዊ ፍርሃት አይደለም። ሃርሞኒያ የተባለች የእስያ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ክሽክሽ እንድትበላ በአውሮፓ ለዓመታት ስትሸጥ ቆይታ ከእጅ አመለጠች፤ ዛሬ አብዛኛውን አውሮፓ ሞልታ አገር በቀል ጥንዚዛዎችን እየገፋች ነው። ስለዚህ አዳኝ ሲመረጥ በአካባቢው ቀድሞ የሚኖር ዝርያ ቅድሚያ ማግኘት አለበት፤ ከውጭ የሚገባም ካለ በኳራንቲን ሕግ አልፎ፣ ተመርምሮ፣ ተፈቅዶ መግባት አለበት። ይህ አሠራር ቢያዘገይም መዘግየቱ ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት ባዶ ሜዳ ላይ አይወድቅም። የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪት የሚሉትን ማይት ፋይቶሴዩለስ በተባለች አዳኝ ማይት መቆጣጠር ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በየመደዳው እየዞሩ ቅጠል ገልብጠው፣ በማጉያ መነጽር ቆጥረው የሚመዘግቡ ስካውቶች አሏቸው፤ ለነጭ ዝንብም የሚያስፈልገው ሙያ ይኸው ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። አዳኝ ሕያው ዕቃ ነው፤ ከአውሮፓ በቀዝቃዛ ሣጥን መጥቶ በቦሌ ጥቂት ቀን ከዘገየ የሚደርሰው ሬሳ ነው። ኬንያ ውስጥ በናይቫሻ አካባቢ አዳኞችን እዚያው የሚያራቡ ድርጅቶች ከተቋቋሙ ቆይተዋል፤ እዚህም ይህ ሥራ ሊጀመር የሚገባው ከችግኝ ጣቢያዎች ጋር ተያይዞ ይመስለኛል። ባቱና መቂ አካባቢ ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ግሪንሃውስ የለውም፤ አዳኝ ገዝቶ በሜዳ ቢለቅ ነፋስ ይወስድበታል። ነገር ግን መረብ በለበሰ ጣቢያ ያደገ ንጹሕ ችግኝ መግዛት ይችላል፤ ቀን ቆጥሮ መርጨቱን ትቶ ቅጠል ገልብጦ ካየ በኋላ መወሰንም ይችላል። በሜዳው ያሉት አዳኞች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው፤ ከእሱ የሚጠበቀው አለመግደል ነው።

ዋጋው ውድ ነው የሚለው ክርክር በእኔ ግምት ከሁሉ ደካማው ነው። የአዳኝ ከረጢት ዋጋ ከአንድ ጠርሙስ ኬሚካል ጋር ብቻ ከተመዛዘነ በእርግጥ ከረጢቱ ይከብዳል። ግን በሚዛኑ ላይ ሌሎችም ይቀመጡ፤ የረጪዎቹ ጤና፣ ከርጭት በኋላ ሠራተኛ የማይገባባቸው ሰዓታት፣ በላቦራቶሪ ተይዞ የሚመለስ ጭነት፣ በሚቀጥለው ዓመት የማይገድል መድኃኒት። በቲማቲም ግሪንሃውስ አምራቹን ወደ አዳኞች ያዞረው እንኳ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በቤልጅየምና በኔዘርላንድ አበባ የሚያዳቅል ባምብልቢ የተባለ ፀጉራም ንብ ለሽያጭ መቅረብ ሲጀምር፣ አበባውን በእጅ እያንቀጠቀጠ ሲያዳቅል የነበረው አምራች ብዙ ጉልበት ተረፈለት። ንቡ ግን ኬሚካል አይችልም። አምራቹ ለንቡ ሲል ርጭቱን ቀነሰ፤ ርጭቱ ሲቀንስ አዳኞቹ መኖር ቻሉ።

ለመጀመር የሚያስብ አምራች የመጀመሪያ ሥራው ታዲያ አዳኝ ማዘዝ አይደለም፤ የርጭት መዝገቡን ከፍቶ ማየት ነው። ፓይረትሮይድ የተባሉት ፀረ-ተባዮች ቅሪት ቅጠልና ፕላስቲክ ላይ ተለጥፎ አዳኞችን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሊጎዳ ይችላል። ችግኙንም ያቀረበለት ጣቢያ በምን እንደረጨው መጠየቅ አለበት። በመስከረም ጠባቂ ማስገባት የፈለገ ሰው ፓይረትሮይዱን ከሰኔ መጀመሪያ በፊት ማቆም ይኖርበታል።